የሹፌር ቤቱ የት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስለው «የሚሌ ሐሩርና የኛ አገር ብርድ ተጋጭቶብኝ ነው» እያለ ከረመ። በመጨረሻ አክታው ተመርምሮ ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒት ከጀመረ 3 ሳምንቱ ነው፤ ሳሉ ጋብ ብሏል፣ ምግብም ይበላል። ጤና ጣቢያው ግን በየቀኑ እየመጣ እፊታችን ይዋጥ ብሎናል። የመኪናው ባለንብረት ሌላ ሹፌር ሊያስገባ ነው። የወሩን ለምን በአንዴ አይሰጡትም? ደግሞ የ4 ዓመት ልጃችንን አምጡ አሉን፤ ልጁን ምንም አላመመውም። የግል ክሊኒክ ወስጄው ብገላገልስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ከጀመራችሁበት አትውጡ። ከመንግሥት ጋር ተስማምተው የቲቢ ሕክምና የሚሰጡ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ በራስ መዋጥ ግን አይሞከርም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት አርሲ ነው፤ በሽተኛው በባለሙያ ፊት እየዋጠ የሚታከምበት ዶትስ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ በተሞከረበት ዘመን። ከዚያ በፊት ሕክምናው ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ስትሬፕቶማይሲን በየቀኑ ዳሌ ላይ ይወጋል። በኋላ 8 ወር ሆነ፣ አሁን 6 ወር። ስለዚህ «6 ወር በዛ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ፈገግ እላለሁ። ነውር ነው፣ ግን እላለሁ።

ሳሉ የቀነሰው ቶሎ ቶሎ የሚባዙት ተህዋስያን ስለሞቱ ነው። ያደፈጡት ገና አሉ። አሁን ቢያቆም በሽታው ይመለሳል፤ መድኃኒቱን ተላምዶ ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢን እ.ኤ.አ. በ2009 ማከም ሲጀምር ሕክምናው ሁለት ዓመት ሊጠጋ ይችል ነበር፤ ወራት ይሰጥ የነበረው መርፌም የአንዳንዱን ጆሮ ያደነቁር ነበር። አዲሱ ሕክምና በኪኒን ብቻ ሆኖ ወደ 6 ወር ወርዷል፤ ቢሆንም ለማንም አልመኘውም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ባለቤትሽ ላይ መፍረድ አልችልም። የእኛ አሠራር የተሠራው ቤቱ ቀበሌ ውስጥ ለሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ በር እያንኳኩ «ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው አለ?» ሲሉ ኖረዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ስትወጣ፣ እኔ የነሱ እግር ነው ትዝ ያለኝ። ከሌላው ዝርዝር፣ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30ዎቹ፣ ገና አልወጣንም። የጋቢናን በር ደግሞ የሚያንኳኳ የለም።

አንድ ቀን የራሴን ጥፋት አይቼዋለሁ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ የምርመራ መሣሪያ ስላልነበረው አክታ በፖስታ ቤት በኩል ወደ ሆስፒታል እንልክ ነበር። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በሁለት ሰዓት ይመልሳል፤ ዕቃው ማሽኑ ጋ እስኪደርስ ነው ጣጣው። ዓርብ ከሰዓት አንድ ሹፌር ብልቃጡን ሰጥቶኝ ሄደ። መልእክተኛው ቀርቶ ሰኞ ተላከ። ውጤቱ «ቲቢ አለ» ብሎ ሲመጣ መዝገቡን ገለጥኩ፤ በአድራሻው ቦታ የጻፍኩት ቀበሌውን ብቻ ነው። ስልኩ አይሠራም። ውጤቱ መሳቢያዬ ውስጥ 3 ሳምንት ተኛ። ሰውየው የተገኘው ረዳቱ ደም እየተፋ እኛ ዘንድ ሲመጣ ነው፤ «አለቃዬም እንዲሁ ያስለዋል» አለን።

ከዚያ ወዲህ አድራሻ ስጽፍ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «የሚበላበት ሆቴል ሚሌ»፣ «የባለንብረቱ ስልክ» እያልኩ ኅዳጉን ሁሉ እሞላለሁ። ተቆጣጣሪ መጥቶ መዝገቡን አበላሸሽው ብሎኛል።

ስለዚህ ነገ ሄዳችሁ ሥራውን በግልጽ ንገሯቸው። የት እንደሚጭን፣ የት እንደሚያድር፣ በስንት ቀኑ እንደሚመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥብቅ ናቸው፣ ከዚያ ወዲያ ይላላል፤ በሳምንት አንዴ የመውሰድ ነገር ይመጣል። እስከዚያም ቢሆን አወሳሰዱን የሚከታተል የቤተሰብ ሰው፣ አንቺን ጭምር፣ እንዲመድቡለት መጠየቅ ትችያለሽ። ሌላ ከተማ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ከሆነ በመዛወሪያ ወረቀት እዚያ ካለው ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ዝም ብሎ መጥፋት ብቻ አይሁን። ለባለንብረቱም ንገሩት፦ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሌላው የማስተላለፉ ነገር በጣም ይቀንሳል፤ ወደ መሪው መቼ እንደሚመለስ ባለሙያው ይነግረዋል። ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፤ መስኮት ክፈቱ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። ጤና ጣቢያው «አብሯችሁ የሚኖር ማነው?» ሲል አንቺና ልጁ ተቆጠራችሁ። ረዳቱስ? ከጅቡቲ እስከ ኮምቦልቻ በተዘጋ ጋቢና አብሮት ያደረው እሱ ነው። ስሙን አስመዝግቡ፣ መጥቶ ይመርመር።

ልጁን ውሰጅው። ዕድሜው ከ5 በታች የሆነ ልጅ በቀላሉ ይያዛል፣ ሲይዘውም ይብስበታል። መርምረው በሽታው ከሌለበት መከላከያ መድኃኒት ይሰጡታል፤ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 6 ወር ይወስዳል። ሽንቱ ወደ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቢለወጥ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለም ነው፣ አትደንግጪ፤ የአባቱም እንደዚያው ነው። ስትሄጂ ቁርሱን አብልተሽ፣ የክትባት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፤ ኪኒኑ የሚታዘዘው በኪሎው ስለሆነ መጀመሪያ ይመዝኑታል።