ለ4 በ3 ሜትሯ ጓሮ

እህቴ፣ «ጓሮዬ 4 በ3 ሜትር ነው፣ ዙሪያው የብሎኬት አጥር ነው፣ ባለቤቴ ሲሚንቶ እናፍስበት ይላል፤ እኔ ደግሞ ልጆቼ እንደ ተረት የሚገቡበት የአበባ ቦታ አምሮኛል» ያልሽውን ሳነብ የራሴ የኮተቤ ጓሮ ትዝ አለኝ። የኔማ ካንቺም ታንሳለች።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ሃያ ምናምን ማሰሮ ገዝቼ አጥሩን ተከትዬ መደርደሬ ነው። እንደ ሰልፈኛ ተማሪ! በሩ ላይ ቆመሽ ሁሉንም ስለምታይው ወደ ውስጥ የሚያስገባሽ ነገር የለም። ጠባብ ቦታ የሚያምረው የሆነ ነገር ሲደብቅ ነው። እናም መሀል ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ፣ በተቆረጠ በርሜል እንሰት ተከልኩ። በርሜሉ ሥሩን ስለያዘው ከልክ በላይ አልተንሰራፋም፤ ሰፊው ቅጠሉ ግን የኋላውን ጥግ ከለለው።

እዚያ ጥግ ምን አለ መሰለሽ? አፏ የተሸረፈ እንስራ አለች። አጋድሜ ግማሿን ቀበርኳት፣ ልጄ በቀለም መስኮት ሣለላት፣ «የእንቁራሪት ቤት» ተባለች። በሁለተኛው ክረምት እውነተኛ እንቁራሪት ገባችባት፤ ልጄ ከደስታው የተነሳ ራቱን አልበላም። አንገቷ የተሰበረ ጀበናም አትጣይ፤ እንዳሁላ ይበቅልባታል፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም። ሸክላ ከቀጨኔ፣ ቆርቆሮና በርሜል ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ፈልጊ። የሲሚንቶ አንበሳና የፕላስቲክ አበባ ግን ይቅርብሽ፣ በተለይ አበባው በአንድ በጋ ፀሐይ ይነጣል።

አፈሩ ላይ እንዳትቸኩዪ። እኔ መረሬ (ውሃ የሚይዘውን ጥቁር አፈር) ብቻ ሞልቼ ጽጌረዳዎቼ በሐምሌ ውሃ ተኝቶባቸው በሰበሱ። አሁን 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው የምቀላቅለው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ማሰሮውን ሁሉ ከሥሩ ብሺው፤ የቀለም ባልዲም ቢሆን።

ለሽታ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናናና ጠጅ ሳር መተላለፊያው ዳር ይሁኑ፤ ቀሚስሽ ሲነካቸው ግቢው ይታወዳል። (ጤና አዳሜን ጎረቤቴ እትዬ ናቸው ቅርንጫፍ ቆርጠው የሰጡኝ፤ ቡናው ላይ ጣል ሳላደርግ ካቀረብኩላቸው ይቆጣሉ።) በሶብላ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚጎዳው ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር አስጠጊው፤ ብሎኬቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። የአደይ አበባ ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ የደረቀውን የአበባ ራስ ሰብስበሽ አፈሩ ላይ በትኚው። እኔ መበተኔን ረስቼው ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ በድንጋዩ መሀል ብቅ ብሎ ቆየኝ።

ለአጥሩ ዱባ ይበቃል። ሰኔ ላይ ከተከልሽው ገመድ ይዞ ይወጣል። ፍሬው ሲከብድ በሽንኩርት መረብ ከረጢት አንጠልጥዪው፤ የኔን ያየ እንግዳ ሁሉ ይስቃል። አሮጌ መስታወትም ሰቅዬ ግቢው እጥፍ መስሎ ነበር፣ ግን አንዲት ወፍ ከገዛ ምስሏ ጋር ስትጣላ ሰነበተች፤ አሳዘነችኝና ወደ ታች አውርጄ በቅጠል ከለልኩት።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ከጣሪያው አሸንዳ ወደ ሮቶ አስገቢ። በበጋ እኔ ሩዝና ጎመን ያጠብኩበትን ነው የማጠጣው።

መተላለፊያውን ቀጥ አታድርጊው፣ ጠምዘዝ አድርጊው። መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር የለስላሳ ቆርኪ ሰክተን ነበር፤ በአንድ ክረምት ዛገ። በሲሚንቶ የሰካነው የሴራሚክ ስብርባሪ ግን ይኸው እስካሁን አለ፤ ስለቱን ወደ ታች አድርጊ። ስለዚህ ባለቤትሽ ሲሚንቶውን ያምጣ ግድ የለም፣ አንድ ከረጢት ብቻ። ለመንገዷ ትበቃለች።