ጆንሰን፣ ኒክሰንና የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ደቡብ ቬትናምን ደግፋ ከኮሚኒስቱ ሰሜን ቬትናም ጋር ስለተዋጋችበት ዘመን ፕሬዝዳንቶች፣ ስለ ጆንሰንና እሱን ስለተካው ኒክሰን፣ እንዲሁም ስለ ሕዝቡ ተቃውሞ የጠየቃችሁኝን የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጆንሰን ጦርነቱ እንደማያዋጣው አያውቅም ነበር? ተታሎ ነው የገባበት የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አልተታለለም፤ እያወቀ ነው የገባው። ዘወትር የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው። ጆንሰን የስልክ ንግግሩን ያስቀዳ ነበር፤ ቅጂው ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። ሜይ 27 ቀን 1964 ከጸጥታ አማካሪው ከማክጆርጅ ባንዲ ጋር ሲያወራ፣ ልንዋጋለት የሚገባ አይመስለኝም፣ መውጣትም የምንችል አይመስለኝም እያለ ይጨነቃል። እዚያው ላይ ማታ የሚያነበውን ወረቀት የሚያመጣለትን አንድ ሳጅን ያነሳል። ስድስት ልጆች አሉት። ይህን ሰው ለምን ብዬ ነው ወደዚያ የምልከው ሲል ራሱን ይጠይቃል።

ሦስት ወር ሳይሞላ ግን በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ መርከቦቻችን ሁለት ጊዜ ተጠቁ ብሎ የጦር ሥልጣን ጠየቀ። ሁለተኛው ጥቃት ጨርሶ አልተፈጸመም። ቢሆንም የታችኛው ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 አጸደቀለት። ማርች 1965 ላይ 3,500 ማሪኖች (የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች) ደቡብ ቬትናም ዳናንግ ወረዱ፤ በ1969 የወታደሩ ቁጥር ከ540,000 አለፈ። ለምን ካላችሁኝ፣ ፍርሃት ነው። ቻይና በኮሚኒስቶች እጅ ስትወድቅ የያኔው ፕሬዝዳንት ትሩማን "ቻይናን አሳልፎ ሰጠ" ሲባል አይቷል። እኔም "ቬትናምን አሳልፎ ሰጠ" ከተባልኩ በድህነት ላይ የከፈትኩት ዘመቻ አብሮ ይቀበራል ብሎ ሰጋ።

ጥያቄ፦ ተቃውሞው የሀብታም ልጆች ግርግር አልነበረም እንዴ?

መልስ፦ ይህን አልቀበልም፣ ወንድሜ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጀመሩ እውነት ነው፤ ማርች 1965 ሚሺጋን ላይ መምህራንና ተማሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጦርነቱ ሲከራከሩ አደሩ። የኮሌጅ ተማሪ ከግዳጅ ውትድርና ይቆይለት ስለነበር ድሃው ቀድሞ መዝመቱም እውነት ነው። ነገር ግን ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1967 ኒውዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ጦርነቱን ያወገዘው ይህንኑ ግፍ እያነሳ ነው። በዚያው ወር መሐመድ አሊ አልዘምትም ብሎ የሻምፒዮናነት ቀበቶውን አጣ። ኤፕሪል 1971 ደግሞ ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ካፒቶል ፊት ተሰልፈው፣ እየተራመዱ ወደ ማይክሮፎኑ እየቀረቡ፣ አንዳንዱ የሞተ ጓደኛውን ስም እየጠራ፣ ሜዳሊያቸውን ከአጥሩ ማዶ ወረወሩ። እነዚህን የሀብታም ልጆች ማን ይላቸዋል?

ጥያቄ፦ ቃኘው ሻለቃ ቬትናም ዘምቷል?

መልስ፦ አልዘመተም። ቃኘው የዘመተው ኮሪያ ነው፣ ከ1951 ጀምሮ። ቬትናም ኢትዮጵያ ጦር አልላከችም።

ጥያቄ፦ ጆንሰንን ከሥልጣን ያወረደው ሰልፉ ነው?

መልስ፦ ሰልፉ ብቻውን አይደለም። በ1968 መጀመሪያ ኮሚኒስቶቹ በቴት፣ በቬትናም አዲስ ዓመት በዓል፣ የከፈቱት ጥቃት "እያሸነፍን ነው" የሚለውን ቃል አፈረሰበት። ማርች ላይ በኒው ሃምፕሸር በተደረገው የራሱ የጆንሰን ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ጦርነቱን የሚቃወመው ሴናተር ዩጂን ማካርቲ 42 በመቶ አገኘ፣ ጆንሰን 49። በሥልጣን ላይ ላለ ፕሬዝዳንት ይህ ሽንፈት ነው። ማርች 31 ጠዋት ነፍሰ ጡር ልጁ ሊንዳ ባሏን ወደ ቬትናም ሸኝታ፣ በሌሊት አውሮፕላን ዋይት ሐውስ ገባች። በዚያው ቀን ማታ አባቷ በቴሌቪዥን ቀርቦ ዳግመኛ አልወዳደርም አለ።

ጥያቄ፦ ኒክሰን ግን ተቃዋሚዎቹን ከቁብም አልቆጠራቸው።

መልስ፦ በአፉ ነው። ሴፕቴምበር 1969 ላይ ተቃውሞው በምንም መንገድ አይነካኝም ብሎ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ኦክቶበር 15 አገሩ በሰልፍ ሲጥለቀለቅ ግን ማታ በማስታወሻው አናት ላይ "አትረበሽ፣ አትወላውል፣ አጸፋ አትስጥ" ብሎ ለራሱ ጻፈ። በሰሜን ቬትናም ላይ ሊያወርድ ያዘጋጀውንም ከባድ ድብደባ ተወው። ተቃውሞው በሰሜን ቬትናም ላይ የሰነዘረውን ማስፈራሪያ እንዳዳከመበት በኋላ ራሱ ጽፏል።

ደጋፊም ነበረው፤ "ዝምተኛው ብዙኃን" ያላቸው ሰዎች እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ሜይ 4 ቀን 1970 በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በ13 ሰከንድ 67 ጥይት ተኩሰው 4 ተማሪዎች ሲገድሉ፣ ከሟቾቹ ሁለቱ በሰልፉ ያልነበሩ፣ ወደ ክፍል የሚሄዱ ሲሆኑ እንኳ፣ ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው ያለው ብዙ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ኒክሰን እንቅልፍ አጥቶ፣ ገና ሳይነጋ አገልጋዩን አስከትሎ፣ ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ያደሩ ተማሪዎች ዘንድ ሄደ። ደፋር ሥራ ነው፤ እኔ አከብርለታለሁ። ግን ጓደኞቻቸው ለተገደሉባቸው ልጆች ስለ እግር ኳሳቸውና ስለ ጉዞ አወራላቸው። ያን ሌሊት ዝም ብሎ ቢያዳምጣቸው ምን ነበረበት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተቃውሞው ጦርነቱን አስቆመው?

መልስ፦ እኔ እንደሚገባኝ፣ የፕሬዝዳንቶቹን እጅ ያዘ እንጂ አላስቆመም። በኒክሰን ዘመን ብቻ ከ20,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፤ የቬትናማውያኑ ቁጥር ከዚያ እጅግ ይልቃል። የግዳጅ ውትድርና በ1973 ቀረ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ የፕሬዝዳንቱን የጦር ሥልጣን የሚገድብ ሕግ ኒክሰን ቢሽረውም ድጋሚ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ሄጄ የማየው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። ከሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ስትወርጂ በስተግራ የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ የሆነው ጥቁሩ ግንብ አለ፤ ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል። ስሞቹ የተደረደሩት በሞቱበት ቀን ነው። ከዚያ በኩል ስትገቢ ቀድመሽ የምታገኚው ምዕራባዊው ክንፍ ከሜይ 1968 መጨረሻ ይጀምራል፤ ጆንሰን አልወዳደርም ካለ ገና ሁለት ወሩ ነው። ያ ክንፍ በሙሉ ከዚያ በኋላ የሞቱት ናቸው።