ጆንያው ጥግ ገባብኝ፤ አሁንስ?

ባለፈው እትም ለዜድ ኤክስ ስፔክትረም የሠራሁትን «ጎተራ» የሚባል ጌም አስተዋውቄያችሁ ነበር። ላላነበባችሁ፦ ስፔክትረም እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ጌሙ ላይ አንድ ልጅ ጆንያ እየገፋ ሚዛን ላይ ያወጣል፤ ሚዛኑ ሲሞላ በሩ ይከፈታል። ፋይሉን በቴሌግራም ከለቀቅኩት ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ ሰባተኛው ክፍል ላይ አንዱ ጆንያ ግራ ጥግ ገባብኝ። አይወጣም፣ ሚዛኑም አይሞላም። ባግ ነው ወይስ እኔ ነኝ? — ከሐዋሳ

ባግ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ስህተት፣ አይደለም። ጆንያ ይገፋል እንጂ አይጎተትም፤ ጥግ ከገባ እዚያው ቀረ ማለት ነው። «አር»ን ተጫን። ክፍሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ነፍስም አይቀንስብህም። እንቆቅልሽ ያለበት ጌም ላይ ይህች ቁልፍ የግድ መኖር አለባት ብዬ አምናለሁ። ሰው አስቦ ሞክሮ ስላልተሳካለት አይቀጣም።

ሰባተኛው ክፍል ላይ ብዙ ሰው የታችኛውን ጆንያ መወጣጫ ሊያደርገው ወደ ግራ ይገፋዋል። ጥግ የሚገባው ያኔ ነው። መወጣጫ አያስፈልግህም፤ መሰላል አለልህ። ከሚዛኑ በፊት ያለችውን ጉድጓድ አይተሃታል? የታችኛውን ጆንያ ወደ ቀኝ ገፍተህ እሷን ድፈንበት። ከዚያ በመሰላሉ ውጣና የላይኛውን ከወለሉ ጫፍ ጣለው። ወርደህ በተደፈነው ጉድጓድ ላይ እያሳለፍክ እስከ ሚዛኑ ግፋው።

እውነተኛ ባግ ምልክቱ ሌላ ነው። «አር»ን ተጭነህም ክፍሉ ወደነበረበት አይመለስም፤ ወይም ግድግዳው ውስጥ የተዘበራረቀ ምስል ብቅ ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በታወቁ ጌሞችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የማቲው ስሚዝ «ጄት ሴት ዊሊ» ተጫዋቹ ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍል አንዴ ከረገጠ ሌሎች ክፍሎች ይበላሹና ጌሙን መጨረስ አይቻልም ነበር። አሳታሚው በመጀመሪያ «ሆን ተብሎ ነው፣ ክፍሎቹ መርዝ ጋዝ ሞልቶባቸው ነው» አለ። በኋላ ግን ማረሚያ ፖክ አወጣ፤ ፖክ ማለት ሚሞሪው ውስጥ አንድን ቁጥር በሌላ መተካት ነው። ማለቅ በማይችል ጌም ላይ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ልጅ አሁንም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ባግ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ዝም አትበሉ። ኢሙሌተሩ (ስፔክትረሙን የሚያስመስለው ፕሮግራም) ላይ ስናፕሾት፣ ማለትም ጌሙን በዚያች ቅጽበት እንዳለ የሚያስቀምጥ ፋይል፣ ያዙና ላኩልኝ። ወደ ክፍሉ ስትገቡ የያዛችሁት ካለ እሱንም ጨምሩልኝ፤ የተበላሸውን ብቻ ሳይ መንገዱ ይጠፋብኛል።

ጓደኛዬ ጋ ሙዚቃ አለው፣ እኔ ጋ ጭጭ። ፋይሉ አንድ ነው። — ከመገናኛ

ኢሙሌተርህ ባለ 48 ኪሎባይቱን ስፔክትረም እያስመሰለ ነው። ያ ሞዴል ያለው ጢጥ የምትል ቢፐር ብቻ ናት። ሙዚቃውን የጻፍኩት በባለ 128ቱ ውስጥ ላለው ኤዋይ ለሚባለው የድምፅ ቺፕ ነው። ከሜኑው 128ን ምረጥና ጌሙን ከታፕ ፋይሉ (የካሴት ቅጂው) እንደ አዲስ ጫን። የድሮ ስናፕሾትህን ከከፈትክ ግን አይሠራም። ስናፕሾት የማሽኑን ዓይነት አብሮ ስለሚይዝ መልሶ ወደ 48 ይወስድሃል።

ወንድሜ፣ ልጄ በላፕቶፕ ሲጫወት ወደ ቀኝ እየሮጠ ይዘላል፤ ወደ ግራ እየሮጠ ግን አይዘልም። ጌሙ ነው ወይስ ላፕቶፑ? — ከዱባይ

እህቴ፣ ላፕቶፑ ነው፤ ግን አልተበላሸም፣ እንዳይጨነቁ። ልጁ የመሮጫውን ቁልፍ፣ የግራውን ቀስትና ስፔስን በአንዴ ይይዛል። ብዙ የላፕቶፕ ኪቦርዶች ሁለት ቁልፍ ያለችግር ያነባሉ፤ አንዳንድ ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ግን ሦስተኛውን ይውጡታል። የትኞቹ እንደሚዋጡ ከኪቦርድ ኪቦርድ ይለያያል። የጌሙ መጀመሪያ ገጽ ላይ «ቁልፍ ቀይር» የሚል አለ። ለግራ «ኦ»ን፣ ለቀኝ «ፒ»ን ይስጡት፤ የድሮ ስፔክትረም ተጫዋቾችም የለመዱት ይህንኑ ነው። አሁንም ከዋጠ የመሮጫውን ቁልፍ ወደ ሌላ ያዛውሩት። ጌምፓድ ካለው ደግሞ ኢሙሌተሩ ላይ «ኬምፕስተን» የሚለውን ጆይስቲክ ይምረጡለት፣ ይገላገላል።

እውነተኛ ስፔክትረም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛሁ። ካንተ ጌም ሌላ ምንም አልጭንበትም ብያለሁ። ከስልኬ ላጫውትለት እችላለሁ? — ከለንደን

ትችላለህ፣ ግን መጀመሪያ የኃይል መስጫውን ነገር። ስፔክትረም የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ ነው፤ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አዳፕተር ግን አብዛኛው መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። እኔ ጥገና ሱቅ ነው የምሠራው፤ ቮልቱን ብቻ አይተው ሰክተው ያቃጠሉትን ዕቃ ስንቱን አይቻለሁ። አዳፕተሩ ላይ የተሳለችውን ምልክት ሳታይ አትሰካ።

ስፔክትረም ጌም የሚጭነው ከካሴት ድምፅ ስለሆነ፣ ከዚያ የታፕ ፋይሉን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይረህ ስልክህ ላይ አድርግ። ከስልኩ ወደ ስፔክትረሙ «ኢር» (የድምፅ መግቢያ) ቀዳዳ ገመድ ሰካ። ድምፁን ወደ ጣሪያው ውሰደው፣ ኢኳላይዘሩን አጥፋ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርገው። መሃል ላይ የምትገባ አንዲት የሜሴጅ ድምፅ ሁሉን ነገር ታበላሸዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ሎድ ስትለው የስክሪኑ ዳር ወፍራም ቀይና ውኃ ሰማያዊ መስመር ያሳይሃል፤ ዳታው ሲጀምር ቀጭን ሰማያዊና ቢጫ ይሆናል። ቀዩ መጥቶ ቢጫው ላይ «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ካለህ ድምፁን ትንሽ ቀንስና ድገም። ጨርሶ መስመር ከሌለ ገመዱን እይ።

ልጁ ሣሩ ጋ ሲደርስ ፊቱ አረንጓዴ ይሆናል። — ከባሕር ዳር

ማሽኑ እንደዚህ ነው። ስክሪኑ 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች የተከፈለ ነው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ልጁና ሣሩ አንድ ሳጥን ከተጋሩ አንዱ የሌላውን ቀለም ይወስዳል።

በአማርኛ የሚናገር የራሴን ጌም መሥራት እፈልጋለሁ። ፊደሉን እንዴት አስገባኸው? — ከአዲስ አበባ

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አንድ ፊደል 8 በ8 ነጥብ፣ ማለትም 8 ባይት ነው። 231ዱም ፊደላት ቢሳሉ 1848 ባይት ይሆናሉ፤ ለባለ 48ቱ እንኳ ብዙ አይደለም። የሚያስቸግረው ሥዕሉ ነው። ከስምንቱ ዓምድ አንዱን ለፊደላት ክፍተት ባዶ ትተወዋለህ፣ ሰባት ቀረህ። አሁን ሊ እና ሌን ሣል። ሊ ከቀኝ እግሯ ሥር አጭር ሰረዝ ይበቃታል። የሌ ቀለበት ግን መሃሉ ካልተከፈተ ሊ ይመስላል። ቀዳዳ እንዲኖረው ቢያንስ 3 በ3 ነጥብ ይፈልጋል፤ ቦታ ደግሞ የለህም። መፍትሔው የፊደሉን ቀኝ እግር ራሱን የቀለበቱ ግራ ጎን ማድረግ ነው። አካሉ ከአንድ እስከ አምስተኛው ዓምድ፣ ቀለበቱ ከአምስት እስከ ሰባት። ሦስት እግር ያላት ሐ እንኳ በዚህ መንገድ ሔ ትሆናለች።

ፊደላቱን ሚሞሪ ውስጥ ካስቀመጥክ በኋላ አድራሻቸውን ለማሽኑ ትነግረዋለህ። ከስብስቡ መጀመሪያ አድራሻ ላይ 256 ቀንስና ውጤቱን 23606 እና 23607 ላይ ጻፍ። አንድ ስብስብ 96 ፊደል ይይዛል፤ ለሙሉው ፊደል ሦስት ስብስብ ያስፈልግሃል። ግን ከዚያ አትጀምር። ጌምህ ውስጥ የሚታየውን ጽሑፍ ሁሉ አስቀድመህ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ የተለያዩትን ፊደላት ለቅመህ ቁጠር። ከ96 ካላለፉ አንድ ስብስብ ይበቃሃል። የ«ጎተራ»ን ፊደላት ቴሌግራሙ ላይ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ውሰድና እንደፈለግክ ለውጣቸው።