ከሰልባጅ ሱፍ የተሰፋ ብርድ ልብስ ሲታጠብ ለምን ይጨማደዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ከሰልባጅ የገዛኋቸውን የሱፍ ካፖርቶችና ሹራቦች በአራት ማዕዘን እየቆረጥሁ፣ ከሥር አቡጀዴ ገበር አድርጌ ለልጆቼ ብርድ ልብስ ሰፋሁ። ክረምቱን በደንብ አሞቃቸው። በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውሃ ካጠብሁት በኋላ ግን አንዳንዱ ቁራጭ ተኮማትሮ ሌላው እንዳለ ስለቀረ መሐሉ ተጨማደደ፣ ጠርዙም ተጣመመ። ጎረቤቶቼ «ድሪቶሽን ጣይው» ይሉኛል። ይስተካከላል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይጣሉት። የበግ ፀጉር ብርድ መከላከሉን ባና ለብሶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ከሥራ ውጭ የሚሆንበት ወቅት ጥቂት ነው።

የበግ ፀጉር ላዩ እንደ ጣሪያ ክዳን በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ በመሆኑ፣ ሙቀት፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይቆላለፉና ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ያጥራል። ልል ሆኖ የተሠራ ሹራብ በብዛት ይኮማተራል፤ ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ የኮትና የሱሪ ሱፍ በጥቂቱ፤ ሱፍ መስሎ የሚሸጠው አክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይኮማተርም። እነዚህ ሦስቱ ሳይታጠቡ ጎን ለጎን ስለተሰፉ ነው የእርስዎ ብርድ ልብስ የተጨማደደው። አቡጀዴውም ቢሆን አስቀድሞ ካልታጠበ የራሱን ድርሻ ያጥራል።

የተኮማተረ ሱፍ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። ስለዚህ ገበሩን ይፍቱ፣ ቁራጮቹን ይለያዩና ያልተኮማተሩትን ብቻቸውን በድጋሚ በሙቅ ውሃ እያሹ ይጠቡ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በአንድ ልክ እንደገና ይቁረጡ። በደንብ የተኮማተረ ሱፍ ጠርዙ ስለማይተረተር መቀስ ለያዘ ሰው ምቹ ነው። አክሪሊኩን ያውጡት፤ ለመለየት ከጨርቁ አንድ ክር መዝዘው በመቆንጠጫ ይዘው በሳህን ላይ ያቃጥሉት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የሚተወው ጥቁር ፍርፋሪም በጣት ሲነካ ይደቅቃል፤ አክሪሊክ ግን ቀልጦ የማይደቅ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ድብልቅ ጨርቅ የሁለቱንም ምልክት ስለሚያሳይ እኔ ብሆን አላስገባውም።

ለልክ የሚሆን ስሌት ይኸው። በ20 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ቁራጭ በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲተውለት 17 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል፤ በወርድ 9፣ በቁመት 12 ቁራጭ፣ በድምሩ 108 ቢገጣጥሙ 153 በ204 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ያገኛሉ። በመኪና ሲሰፉ ቁጥር 16 መርፌ ይጠቀሙ፣ ስፌቱንም ረዘም ያድርጉት፤ ስፌቱ በተገናኘበት ላይ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በካውያ ግራና ቀኝ ካላስተኙት መጋጠሚያው ይጎረብጣል። ገበሩን ከላይኛው ጋር ለማያያዝ ሙሉውን መስፋት አያስፈልግም፤ በየመጋጠሚያው በወፍራም ክር አንድ አንድ ጊዜ ወግቶ መቋጠር ይበቃል፣ ሌላ ጊዜ ለመፍታትም አያስቸግርም።

ወደ አጠባው ስንመጣ፣ በረኪና ሱፍን ስለሚያሟሟ ከነጭራሹ አይቅረበው። ተራው የዱቄት ሳሙናም ለሱፍ ይከብዳል፤ ሱፍ ፀጉር ነውና የፀጉር ሻምፖ ይሻለዋል። በሰፊ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ 30 ዲግሪ ገደማ፣ አዘጋጅተው ብርድ ልብሱን ሳያሹ በመዳፍዎ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይጠቡት፣ በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃም ያለቅልቁት። አይጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልለው በእግርዎ ቢረግጡት ውሃው ይወጣል። እርጥብ ሱፍ እጅግ ስለሚከብድ በገመድ ላይ ከተሰቀለ ይለጠጣል፤ ሰሌን ላይ ዘርግተው በጥላ ያድርቁት። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ማጠብ ማለት ብርድ ልብሱን ለሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ጥቅምትን ይጠብቁ። በዓመት አንድ ጊዜም ይበቃዋል፤ ቶሎ የሚቆሽሸው በአንገት በኩል ያለው ጠርዝ ስለሆነ እዚያ ላይ የሚነቀል የጥጥ ጨርቅ አልብሰው እሱን ብቻ በየሳምንቱ ያጥቡ።

ጥያቄ፦ እኛ የምንኖረው ኮምቦልቻ ስለሆነ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን የምናወጣው አልፎ አልፎ ነው። ዘንድሮ ከሳጥን ስናወጣው ተበሳስቶ አገኘነው። ታጥቦ ነበር የተቀመጠው ማለት ግን አልችልም።

መልስ፦ ብል ነው። የሚበላው የምታዩት በራሪ ሳይሆን ከዕንቁላሉ የሚወጣው ትል ሲሆን፣ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ሱፍ አብልጦ ይወዳል፤ የኮምቦልቻ ሙቀትም እርባታውን ያፋጥንለታል። ስለዚህ ሳይታጠብ አይቀመጥ። አሁን ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ በብሩሽ፣ በተለይ በየስፌቱ ውስጥ፣ ጥረጉት፣ ከዚያም እጠቡት፤ ሳጥኑንም ባዶ አድርጋችሁ ጥጋጥጉን አጽዱ። ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ቋጥራችሁ አስቀምጡት፣ በየወሩም እያወጣችሁ አራግፉት። ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በኩል በተኮማተረ ሱፍ ቁራጭ መጣፍ ይቻላል። ናፍታሊን ብሉን ይገድላል፤ ሕፃን ለሚተኛበት ብርድ ልብስ ግን ትነቱ አደገኛ ስለሆነ አይጨመርበት።