ሄሮድስ ስንት ነው?

ልጆቼ፣ ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ዛሬ የምነግራችሁ ከስህተቴ የተማርኩትን ነው።

ጀማሪ መምህር ሳለሁ ስለ ሄሮድስ አስተማርኩ። የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀውንና በስቅለቱ ዕለት ኢየሱስን የጠየቀውን እንደ አንድ ሰው አድርጌ ተረኩት። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሕፃናቱን ያስፈጀው እኮ ኢየሱስ ሕፃን ሳለ ሞቷል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ አለ» አለችኝ። ልክ ነበረች። አፈርኩ።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ለያየኋቸው። የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አስፋፍቶ ያሠራው ታላቁ ሄሮድስ ነው። አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ነው ይላሉ። ይህ ግር አይበላችሁ። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ልደትን መነሻ ያደረገው ስሌት የተሠራው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጥቂት ዓመታት ስቷል። መጥምቁ ዮሐንስን ያስገደለው፣ ጲላጦስም ኢየሱስን የላከበት ልጁ ሄሮድስ አንቲጳስ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብን በሰይፍ ያስገደለው ደግሞ የታላቁ ሄሮድስ የልጅ ልጅ ቀዳማዊ ሄሮድስ አግሪጳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ44 ሞተ። ጳውሎስ በቂሣርያ ፊቱ ቆሞ የተናገረው የእሱ ልጅ ዳግማዊ አግሪጳ ነው።

ስም እንዲህ ያሳስታል። የቃል ስህተት ግን ይብሳል፤ ሰው ይጎዳልና። «ፈሪሳዊ» የሚለውን ውሰዱ። ዛሬ ግብዝ ለማለት እንሰድብበታለን። እኔም ለዓመታት እንዲያ ነው ያስተማርኩት። ወንጌል አንዳንዶቹን በብርቱ መውቀሱ እውነት ነው። ነገር ግን በሌሊት ወደ ኢየሱስ የመጣው ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ ነበር። ጳውሎስም በአይሁድ ሸንጎ ፊት ቆሞ «እኔ ፈሪሳዊ ነኝ» ብሏል። ይህን ያለው ደግሞ ትንሣኤ ሙታንን ጠቅሶ ነው። ሸንጎው ውስጥ ሁለት የአይሁድ ወገኖች ነበሩ፤ ፈሪሳውያን በትንሣኤ ያምናሉ፤ ሰዱቃውያን አያምኑም። ሸንጎው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። የሁለቱን ልዩነት ያላወቀ አንባቢ ጩኸቱ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉት። ሰዱቃውያን ከካህናቱና ከመቅደሱ ጋር የተሳሰሩ ነበሩና ከዚያ በኋላ ደብዛቸው ጠፋ። የፈሪሳውያን ትምህርት ግን በረቢዎች፣ ማለትም በአይሁድ የሕግ መምህራን አፍ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ረቢ ይሁዳ በቃል ይተላለፍ የነበረውን ሕግ አሰናድቶ ሚሽና የሚባለውን አዘጋጀ። ታልሙድ የሚባለው ትልቁ የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ የተገነባው በእሱ ላይ ነው። እንግዲህ ቃሉን ለስድብ ስናውለው የዛሬዎቹን አይሁድ የእምነት አባቶች እየሰደብን ነው። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ አንድ ቃል ስታገኙ ማን ስለ ማን፣ መቼ እንዳለው ጠይቁ። «ክርስቲያን» የሚለው እንኳ መጀመሪያ የተሰማው በአንጾኪያ ነው። «ክርስቶስ» ግሪክኛ ነው፤ «መሲሕ» ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ሁለቱም «የተቀባ» ማለት ናቸው። በምኩራብና በቤተ መቅደስ መካከል ያለውንም ልዩነት ለዩ። ምኩራብ በየከተማው ነበር፤ መሥዋዕት የሚቀርብበት መቅደስ ግን በኢየሩሳሌም።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ፣ ከገማልያል ጀምሩ። ፈሪሳዊ ነው፤ የጳውሎስም መምህር ነው። ሐዋርያትን ሊገድሏቸው ሲነሡ ተዉአቸው ብሎ የተከራከረላቸው እሱ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።