ታናሽ እህቷ ሥራ ይኑራት፦ ስለ ሠርግ ልቦለድ ለጻፋችሁልን

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህር ነኝ። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዘመኑ 1966 ዓ.ም.፣ ቦታው መንዝ ነው፤ ባለታሪኳ ታላቅ እህቷ የምትዳርባት የ13 ዓመት ልጅ ናት። ሠርጉን የካቲት 20 አድርጌዋለሁ። ረቂቁን ያነበቡልኝ ባልደረቦቼ «ሠርጉ ያምራል፤ ልጅቷ ግን የለችበትም» ይሉኛል። ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ ከቀኑ ይጀምሩ። በ1966 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 6 ስለሆነ ሁዳዴ የገባው ሰኞ፣ የካቲት 11 ነው። የካቲት 20 ላይ መንዝ ውስጥ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ አይገኝም። ነነዌም በዚያ ዓመት ከጥር 27 እስከ 29 ውሏል። ቃና ዘገሊላን ከተውነው፣ ከጥምቀት ወዲህ የሚቀሩት እሑዶች ጥር 19፣ ጥር 26፣ የካቲት 3 እና ቅበላው የካቲት 10 ናቸው። እኛ የካቲት 3ን እንመርጣለን። መልሱ ጾም ሳይገባ መድረስ ስላለበት ቤተሰቡ አንድ ሳምንት ብቻ ይኖረዋል፤ ጥድፊያው ታሪኩን ይገፋልዎታል። የአዲስ አበባ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በዚያው የካቲት 11 ነው። ልጅቷ «ሠርጉ ይለፍ እንጂ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ» ስትል ከቆየች፣ ወሬው ሲደርስ ምን ይሰማታል?

ወደ ልጅቷ እንምጣ። ባለታሪክ ከገዛ ታሪኳ የምትጠፋው ብዙውን ጊዜ ዳስ ውስጥ ቆማ እንድታይ ብቻ ስትደረግ ነው። የገጠር ሠርግ ውስጥ ደግሞ እጁ ባዶ የሆነ የ13 ዓመት ልጅ የለም። ውሃ ትቀዳለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ እንግዳ ታስታጥባለች። ማስታጠቡን አይናቁት፤ ሽማግሌዎቹ የጥሎሹን ነገር ሲነጋገሩ ማሰሮና ሳፋ ይዛ በመካከላቸው የምታልፈው እሷ ብቻ ናት። አንዱን ዐረፍተ ነገር ከአንዱ ሽማግሌ፣ ቀሪውን ከሌላው ትሰማለች። አንባቢም ከእሷ በላይ ማወቅ የለበትም። እናቷ ጓዳ ገብታ ያለቀሰችበትን ምክንያት ልጅቷ ካላወቀች እርስዎም አያስረዱ።

ከሥራ ሁሉ የምንመክረው ግን የተውሶ ዕቃ ጠባቂነትን ነው። ለድግስ እንስራው፣ ጣሳው፣ ምጣዱ፣ ሌማቱ ከጎረቤት ይሰበሰባል፤ የማን የማን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ልጅቷ በየእጀታው የተለያየ ቀለም ክር ትሰር። አንዱ እንስራ ይሰንጠቅ። ሠርጉ ሲያልፍ፣ እህቷ ከሄደች በኋላ፣ ዕቃውን በየቤቱ የምትመልሰው እሷ ናት። በፊት «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ጥሪልኝ» ይሏት የነበሩ ሴቶች አሁን አስቀምጠው ድግሱ እንዴት እንደዋለ ይጠይቋታል፤ የተሰነጠቀውንም እንስራ ለባለቤቷ ራሷ መናገር አለባት። ማደጓን በቃል መጻፍ አይኖርብዎትም።

ለዚህ ቦታ እንዲኖር ሠርጉን መጨረሻ ላይ አያስቀምጡ። ልቦለዱ አሥር ምዕራፍ ከሆነ ሠርጉ ስድስተኛው ላይ ይዋል፤ መልሱ ሰባተኛው ላይ። የቀሩት ሦስቱ እህቷ በሌለችበት ቤት ይሁኑ፦ የሁለት ሰው የነበረው የውሃ መንገድና ወፍጮ ለአንዲት ሲቀር። በንግግር ላይ ደግሞ ታላቋን «እትዬ»፣ ወንድሟን «ጋሼ» ትበል፤ ሽማግሌዎቹን «አንቱ»።

ጥያቄ፦ በጻፍኩት ታሪክ ውስጥ እናት ለሠርጉ ጠላ መጥመቅ የምትጀምረው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አንባቢ ይታዘበኛል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ይታዘብሃል፤ ያውም መሐል ሜዳ ላይ! የደጋ ብርድ ጠላን ያዘገየዋል። ብቅሉ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ ተሸፍኖ፣ በቅሎ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ ይኖርበታል። እርጥበት ከቀረው ይሻግታል፤ የሻገተ ብቅል ደግሞ ጠላውን ሁሉ ያበላሻል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተነክሮ ጥቂት ቀን ይቆይና ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ አሻሮ ይሆናል፤ አሻሮው በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆንና ከጥንስሱ ጋር ሲደባለቅ ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ ሲብላላ ውሃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይታሸጋል። በመንዝ ብርድ ከጥንስስ እስከ መጠጥ ሁለት ሳምንት ስጥ፤ ብቅሉ የሚፈጀውን ጊዜ ሳትቆጥር።

ጌሾ ከበዛ ይመራል። ማሸጊያው ክፍተት ካለው ይኮመጥጣል፤ እሱም የሚታወቀው ጋኑ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ችግር ፈልገህ ከሆነ እዚሁ አለልህ፦ ከቤቱ ልጆች አንዱ ለመቅመስ ብሎ እሽጉን ከፍቶ በደንብ ሳይመልሰው ይቅር፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ግን በሠርጉ ጠዋት ይሁን።

ጥያቄ፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በጻፍኩት የድሮ ታሪክ ሙሽራዋ 15 ዓመቷ ነው። «ያለዕድሜ ጋብቻ ነውና አትጻፊው» ተባልኩ። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ጻፊው እንጂ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ይፈቅድ ነበር። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ በታሪክሽ ዘመን ሕግም፣ ሽማግሌም፣ ቤተሰብም «ደግ ነው» ይላሉ፤ ሕመሙም ያለው እዚያ ላይ ነው። የዛሬን ንግግር በማንም አፍ አታስገቢ። የእንሶስላውን ማታ አስፊው፦ ሥሩ በሸክላ ተቀቅሎ ሙሽራዋ እጅና እግሯን ስትሞቅ፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ ታናሿ ከጎኗ ትሁን። የእህቷ ጣት ከራሷ ጣት እንደማይበልጥ ትይ። ሙሽራዋ ዘፈኑ መሐል ዝቅ ብላ «ደብተሬን ማን ወሰደው?» ብትላት ይበቃል።

ዘመኑን ወደ ዛሬ ካመጣሽው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መምህሯ፣ ቀበሌውና ፖሊስ ወደ ታሪኩ ይገባሉ፤ ሠርጉ ይፈርስ አይፈርስ የሚለው ዋናው ጥያቄ ስለሚሆን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረሽ እንደገና ማዋቀር ይኖርብሻል።