ሌሊት ለሐኪም ሲደወል

ጥያቄ፦ በወሊድ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሌሊት ተረኛውን ሐኪም ደውዬ «በሽተኛዋ ደህና አይደለችም» ስላቸው «እሺ፣ ተከታተያት» ይሉኝና ስልኩ ይዘጋል። ትእዛዝ ሲሰጡኝም በትክክል መስማቴን እየተጠራጠርኩ ደግሜ ለመጠየቅ እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ «ደህና አይደለችም» ከእንቅልፉ ለነቃ ሰው ምንም አይነግረውም። ከአልጋው የሚያስነሣው ቁጥር ነው። ስልኩን ከማንሣትዎ በፊት ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀትና የሽንት መጠን እንደገና ይለኩ፤ ከሁለት ሰዓት በፊት የተጻፈው አይበቃም። ካርዷን በእጅዎ ይዘው እንዲህ ይበሉ፦

«ዶክተር፣ ከወሊድ ክፍል ነው፣ አልጋ 7። በኦፕሬሽን ከወለደች 4 ሰዓት የሆናት እናት እየደማች ነው። ግፊቷ 85 በ50፣ የልብ ምቷ 128፣ ባለፈው 1 ሰዓት የሸናችው 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ማህፀኗን እያሸን ነው። ሾክ ውስጥ እየገባች ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ፤ እስኪደርሱ ለክሮስማች ደም ልላክ?»

(ሾክ ደም ለሰውነቷ ሳይበቃ ሲቀር የሚመጣ አደጋ ነው፤ ክሮስማች ደግሞ የሚሰጣት ደም ከደሟ ጋር መስማማቱን ማጣራት ነው።) ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቅደም ተከተሉም ምን እንደተፈጠረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ እርስዎ ምን እንደሚገምቱ፣ ምን እንደሚፈልጉ ነው። ሥርዓቱ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣ ሲሆን በሆስፒታሎች ዘንድ በአራቱ ክፍሎች የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት «ኤስባር» (SBAR) ይባላል። ብዙ ነርሶች ሐኪም ማክበር እየመሰላቸው የሚተዉት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። ያለ ግምትና ያለ ጥያቄ የተነገረ ቁጥር ግን በቀላሉ «ተከታተያት» ተብሎ ይታለፋል። በዚህች እናት ላይ የልብ ምቱ ከላይኛው ግፊት በልጧል፤ ይህ ዝም ብለው የሚጠብቁበት ሁኔታ አይደለም።

ትእዛዙን በተመለከተ፣ ፍርሃቱን ይተዉት። የሰሙትን መጀመሪያ ይጻፉ፣ ከዚያ የጻፉትን ያንብቡላቸው፣ «ልክ ነው» እስኪሉም ይጠብቁ። «እሺ ዶክተር» ማለት መድገም አይደለም።

በእኛ ሆስፒታሎች በተለይ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው «ሚሊ» ነው። ሚሊ ግራም ይሁን ሚሊ ሊትር አይታወቅም። 1 ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም የሆነ ሞርፊን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) «5 ሚሊ ስጪ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ሚሊ ግራም ከሆነ የሚሰጠው 5 ሚሊ ግራም (ግማሽ ሚሊ ሊትር) ነው፣ ሚሊ ሊትር ከሆነ ግን 50 ሚሊ ግራም። አሥር እጥፍ ማለት ነው፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሁልጊዜ «ግራም» ወይም «ሊትር» የሚለውን ጨርሰው ይጥሩ። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የሚጠራው ቁጥር ነው፦ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ አንድ ናቸው። «አንድ አምስት» ወይም «አምስት ዜሮ» ብለው ነጣጥለው ያንብቡ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ካርዱ ላይ 6:00 ተብሎ የተጻፈው በአፍ ሲነገር ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በተረኞች ርክክብ ላይ «አንቲባዮቲኳ በ6 ሰዓት ነው» የተባለች ተረኛ ቀን 6 ሰዓት ድረስ ከጠበቀች መድኃኒቱ 6 ሰዓት ዘገየ። ካርድ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፉ፤ በቃል ሲናገሩ ደግሞ «በፈረንጅ» ወይም «በሐበሻ» ይበሉ። ርክክቡም በኮሪደር ሳይሆን በእያንዳንዷ አልጋ አጠገብ፣ ካርዱ ተከፍቶ ይሁን።

ሐኪሙ ካልመጡስ? «ዶክተር፣ ለሕይወቷ እሰጋለሁ» ብለው አንድ ጊዜ ይድገሙ። አሁንም ካልሆነ ከእሳቸው በላይ ላለው ሲኒየር ሐኪም ይደውሉ፤ የደወሉበትን ሰዓትና የተሰጠዎትን መልስ ይጻፉ። ይህን እንደ ክስ የሚያይ የክፍል ኃላፊ ካለ የተሳሳተው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ኦፕሬሽን ሊገቡ ሲሉ ሦስት ሰዎች ስማቸውን ጠየቋቸው። ማን እንደሆኑ አያውቁም እንዴ?

መልስ፦ ያውቃሉ፤ መጠየቃቸው ግን ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ቡድኑን ሦስት ጊዜ ያስቆማል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣት በፊት። በ8 አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በአገራችን ስመ ሞክሼ ብዙ ስለሆነ እስከ አያት ስምና የካርድ ቁጥር ድረስ መጣራት አለበት።

«አቶ ከበደ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን አያስተማምንም፤ የተጨነቀ ሰው ሁሉንም «አዎ» ይላል። «ስምዎ ማን ነው? የትኛው ጎንዎ ነው የሚቀደደው?» መባል አለበት። እርስዎም አይመልሱላቸው፣ ራሳቸው ይናገሩ። ጆሯቸው የሚከብድ ከሆነ ለነርሷ አስቀድመው ይንገሯት።